ባለሁለት እግሩ ምሰሶ

ባለፈው የካቲት ወር በአንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከገርጂ ወደ ቦሌ በሚወስድ የውስጥ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ቤቷ ቤት አይባልም፤ አራት ማዕዘኑ በድንጋይና በሲባጎ የተያዘ፣ መካከሉን አንድ የባሕር ዛፍ አጣና ያቆመው ሰማያዊ ሸራ ነው። ከራሳችን በላይ አውሮፕላኖች ተራ በተራ ያልፋሉ። የዚህ ሰፈር ሰው ድምፃቸውን ስለ ለመደው፣ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ዝም ይልና ወሬውን ካቆመበት ቃል ይቀጥላል።

የየካቲት ነፋስ ግን የሚለመድ አይደለም። አቧራውን አንሥቶ በድንገት መጣና ከሸራው ሥር ገባ። ሸራው አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነፋ፤ ወዲያው ደግሞ በኃይል ወደ ታች ተጫነ። የአጣናው እግር በልሉ አፈር ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ሰመጠና ምሰሶው ወደ ጎን ጋደለ። ሴትዮዋ ጀበናዋን፣ እኔ ሲኒዎቹን አቅፈን ቀረን።

በዚያ ሰዓት ከወዲያ ጥግ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣ የነበረ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ምንም ሳይናገር ተነሣ። በአጠገቡ ከሚሠራው ሕንፃ የተጣለ ሌላ አጣና አመጣ። ሁለቱን አጣናዎች ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ በሲባጎ ጠፍሮ አሰራቸው፤ እግሮቻቸውን እንደ መቀስ ከፈተና ከእያንዳንዱ እግር ሥር አንዳንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖረ። ነፋሱ ዳግመኛ ሲመጣ ሸራው ተንገጫገጨ እንጂ ምሰሶው ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ይህን ከየት ተማርከው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ» አለኝ። «አባቴ ታንኳ ሠሪ ነበር። ልል ነገር ላይ አንድ እንጨት ቢያቆሙት አይቆምም።»

ይህ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገረው ነገር፣ የሰው ልጅ በሸራ መጓዝ ከጀመረ ወዲህ የመርከብ ሠሪዎችን ሁሉ ሲያሳስብ የኖረ ነው። ደግሞም ከሌላ ቦታ ይልቅ የኛው የጣና ደንገል ትልቁን ፈተና ያለፈበት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ የዛሬውን ሰንበት ገጽ ለዚሁ ማዋል ወድጃለሁ።

ምሰሶ፣ በመጻሕፍት ቋንቋ ደቀል የሚባለው፣ ሸራውን ከፍ አድርጎ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሸራው ነፋስ በያዘ ጊዜ ምሰሶው ወደ ነፋሱ መሄጃ ሊወድቅ ይፈልጋል። እንዳይወድቅም ከጫፉ እስከ መርከቡ ጎንና ጎን ገመዶች ይወጠራሉ፤ ለድንኳን ከካስማ ገመድ እንደምንወጥርለት ማለት ነው። እነዚህ ገመዶች በተወጠሩ ቁጥር ደግሞ ምሰሶውን ወደ ታች ይጎትቱታል። ከዚህ የተነሣ ምሰሶው የመርከቡን ሆድ ሊበሳ እንደሚጫን ችንካር ይሆናል። የነፋስ ጠባይም ክፉ ነው፤ ፍጥነቱ ዕጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዕጥፍ ሆኖ አይቀርም፣ አራት ዕጥፍ ይሆናል። ለስላሳ ነፋስ ያቆመውን ምሰሶ ብርቱ ነፋስ በአንድ ጊዜ የሚጥለው ስለዚህ ነው።

በእንጨት በተሠራ መርከብ ይህ ጭንቀት መፍትሔ አለው። መርከቡ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ ወፍራም ግንድ፣ ማለት እንደ ጀርባ አጥንት የሚሆን መሠረት አለው። የምሰሶው እግር እዚያ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል፤ ጭነቱም በግንዱ በኩል ለመርከቡ አካል ሁሉ ይከፋፈላል። ታንኳ ግን የጀርባ አጥንት የላትም። ከላይ እስከ ታች ደንገል ናት። ደንገል ደግሞ ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ሣር ስለ ሆነ፣ አንድ ምሰሶ ቢተከልበት እንጨቱ እሥሩን ከፍቶ ወደ ውኃው ይወርዳል።

የጣና ሰዎች ይህን ጣጣ ያቃለሉት ነገሩን በመተው ነው። ታንኳቸውን በረዥም ዘንግ እየገፉና እየቀዘፉ ይነዷታል። እንጨት፣ እህልና ሰው ትጭናለች፤ ከደሴት ወደ ደሴት፣ ከገዳም ወደ ገበያ ታደርሳለች። ሥራዋ ሲያልቅ ከውኃ ወጥታ ፀሐይ ላይ ትሰጣለች፤ ካልደረቀች ውኃ ጠጥታ ትከብዳለችና። ዕድሜዋም ጥቂት ወራት ነው። በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት ንገደ ወይጦዎች ናቸው፤ ሌሎችም የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ይሠሯታል። የደንገል መርከብ በጥንት ዘመን ምን ያህል የታወቀ እንደ ነበረ ለመረዳት የፈለገ፣ ትንቢተ ኢሳይያስን ምዕራፍ 18 ገልጦ ይመልከት፤ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለው አገር ሲናገር የደንገል መርከቦችን ያነሣል።

ከአባይ በታችኛው ጫፍ፣ በግብጽ፣ የነበሩት ሰዎች ግን ሸራውን አልተዉትም። ከ4000 ዓመት በሚበልጥ ዕድሜ የቆዩ የመቃብርና የቤተ መቅደስ ሥዕሎቻቸው እንደሚያሳዩት፣ በመርከቦቻቸው ላይ ያቆሙት አንድ ምሰሶ ሳይሆን ሁለት እግር ያለው ምሰሶ ነው። ሁለቱ እንጨቶች ከላይ ተጋጥመው ታስረዋል፤ ከታች ተከፍተው አንዱ በመርከቡ ቀኝ፣ ሌላው በግራ ጎን ቆሟል። ጭነቱ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ወፋፍራም ጎኖች ላይ ስለሚያርፍ መካከሉ አይበሳም። በደቡብ አሜሪካ በቲቲካካ ሐይቅ የሚኖሩት የአይማራ ሰዎችም፣ ቶቶራ በሚባል ሸምበቆ በሚሠሯቸው ጀልባዎች ላይ ይህንኑ ባለሁለት እግር ምሰሶ ያቆማሉ። ሁለቱ ሕዝቦች ተገናኝተው ተማምረዋል ወይስ ልል ነገር ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት መልስ ያስተምረዋል? የገርጂውን ሰው ካየሁ በኋላ እኔ ወደ ሁለተኛው አሳብ አዘነብላለሁ። ሆኖም የመጀመሪያውን አሳብ ይዞ ሕይወቱን ለውቅያኖስ የሰጠ አንድ ሰው ነበረ።

እርሱም ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። በ1939 ዓ.ም. ኮን ቲኪ በተባለች የበልሳ ግንድ መርከብ ከፔሩ ተነሥቶ በ101 ቀን የፓሲፊክን ውቅያኖስ በማቋረጡ ስሙ በዓለም ታውቆ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ የጥንት ግብጾች በደንገል መርከብ የአትላንቲክን ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበርን? ሊቃውንቱ አይቻልም አሉ። ደንገል በውኃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይበሰብስ እንደማይቆይ የተነበዩም ነበሩ። ሄየርዳል ክርክሩን ትቶ መርከቧን ለመሥራት ተነሣ። ነገር ግን በግብጽ ምድር ደንገል ከጠፋ ቆይቶ ነበርና የሚሠራበትን ሣር አጣ። ያገኘውም ከአባይ መነሻ፣ ከጣና ሐይቅ ነው።

በ1961 ዓ.ም. ደንገሉ ከጣና ዳር ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በእሥር በእሥር ሆኖ ከደጋው ወረደ፤ በቀይ ባሕር በኩልም ወደ ስዌዝ ተጫነ። ጊዜው የስዌዝ ቦይ በጦርነት ምክንያት የተዘጋበትና በቦዩ ግራና ቀኝ መድፍ የሚተኮስበት ዘመን ነበር። ከዚያም በጊዛ ከፒራሚዶቹ አጠገብ በአሸዋ ላይ ሥራው ተጀመረ። መርከቧን ያሠሯት የጣና ሰዎች ሳይሆኑ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የሸምበቆ ጀልባ ሠሪዎች ናቸው። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ቅር ይለኛል፤ ሣሩ ከኛ፣ እጁ ከሌላ ሆነ። የቻዶቹን ሙያ ለማሳነስ ግን አይደለም፤ የሠሩት ሥራ ሊቃውንቱን አሳፍሯልና።

ርዝመቷ 15 ሜትር፣ ስፋቷ 5 ሜትር ገደማ የሆነችው ይህች መርከብ በግብጾች የፀሐይ አምላክ ስም «ራ» ተባለች። በላይዋ የቆመው ባለሁለት እግሩ ምሰሶ ነበር። ሸራዋ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ መካከሉ ላይ ቀይ የፀሐይ ክብ ተሥሎበታል። ገመዶቿ የታሰሩበትም መንገድ በጥንቱ ሥዕል መሠረት ነው፤ ምሰሶውን የሚይዙት ገመዶች ጎን ለጎን ተደርድረው በመርከቧ መካከለኛ ክፍል ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ይታሰራሉ እንጂ አንዱም እስከ ኋላ ጫፏ አይደርስም። ሄየርዳል የዚህን ምክንያት የተረዳው ባሕር ላይ ከወጣ በኋላ ነው። የደንገል መርከብ እንደ እንጨት አትደርቅም፤ ማዕበሉ ከሥሯ ሲያልፍ እንደ እባብ ትጥመለመላለች። ገመዱ ከምሰሶው ጫፍ እስከ ኋላ ጫፏ ተወጥሮ ቢሆን ኖሮ፣ ጭራዋ በማዕበል ዝቅ ባለ ቁጥር ምሰሶውን ጎትቶ በሰበረው ነበር።

ስለ ሸራዋ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እንዲህ ያለው አራት ማዕዘን ሸራ በምሰሶው ላይ ተጋድሞ የሚሰቀል በመሆኑ ዋና ሥራው ከጀርባ የሚመጣውን ነፋስ መቀበል ነው። ነፋሱ ይገፋል፤ መርከቧም ትሄዳለች። ወደ ነፋሱ መምጫ መመለስ ግን አይሆንላትም። ስለዚህ ሄየርዳል ጉዞውን የጀመረው በፈለገው ቦታ ሳይሆን ነፋሱ በፈቀደለት ቦታ ነው። በሞሮኮ ጠረፍ ካለችው ከሳፊ ወደብ የተነሣው፣ ከዚያ ጀምሮ ነፋሱም የባሕሩ ውኃም ወደ ምዕራብ ስለሚሄዱ ነው።

ከነፋስ ጋር መከራከር የሚችለው ሸራ ሌላ ነው። በቀይ ባሕር የሚመላለሱት ሳምቡኮች የሚሰቅሉት ባለሦስት ማዕዘን ሸራ ከረዥም ዘንግ ላይ ታስሮ በምሰሶው ላይ በሰያፍ ይንጠለጠላል። ምሰሶውም ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቆማል። ይህ ሸራ ከጎን ከሚመጣ ነፋስ ጋር ሲገናኝ እንደ ክንፍ ይሆናል። ነፋሱ በሸራው ጉብታ ላይ እየተጠመዘዘ ሲያልፍ በአንደኛው ገጽ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ በሌላው ይበዛል፤ መርከቧም ግፊቱ ወዳነሰበት ትሳባለች። እንዲህ ስትሆን ወደ ነፋሱ መምጫ በግዳም ቢሆን ልትጠጋ ትችላለች።

የቦሌ ነዋሪ ይህንን ለመረዳት ባሕር ማየት አያስፈልገውም። በየቀኑ በራሱ ላይ የሚያልፈው የአውሮፕላን ክንፍ በጎኑ የተጋደመ ሸራ ነው፤ ሸራውም የቆመ ክንፍ ነው። ሸራው መርከብን ወደ ፊት እንደሚስብ ክንፉ አውሮፕላኑን ወደ ላይ ይስባል። የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ጄቶች በ1955 ዓ.ም. ቦሌ ካረፉ ወዲህ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በዚህ መሬት አውሮፕላን ማስነሣት ምን ያህል ረዥም ሜዳ እንደሚጠይቅ የሙያው ሰዎች ያውቁታል። አየሩ ከባሕር ጠረፉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ክንፉ የሚይዘው አነስተኛ ነው። ሸራም እዚህ ቢሰቀል በዚያው ልክ ይደክማል። ቡና የምታፈላዋ ሴት ግን ይህን ቢነግሯት እንደማታምን አያጠራጥርም።

በነገራችን ላይ ሁለቱ ዘመዳሞች ዛሬ እንደገና ተገናኝተዋል። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር «ፒክሲስ ኦሽን» የተባለ የጭነት መርከብ፣ እያንዳንዳቸው 37 ሜትር ተኩል የሚረዝሙ ሁለት ጠጣር ክንፎች እንደ ምሰሶ አቁሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ባሕር ወጥቷል። ጨርቅ የለበትም፤ ልክ የአውሮፕላን ክንፍ ተነቅሎ የተተከለ ይመስላል።

ወደ ደንገሏ መርከብ እንመለስ።

«ራ» ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሳፊ ወጣች። በውስጧ ከሰባት አገሮች የመጡ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ የሶቪየትና የአሜሪካ ተወላጆች በአንድ ጠባብ ጎጆ አብረው ተኝተዋል። ገና በመጀመሪያው ቀን የመርከቧ መሪ መቅዘፊያዎች ተሰበሩ። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ደንገሉ አልበሰበሰም። ወር አለፈ፤ አሁንም ይንሳፈፋል። ባለሁለት እግሩ ምሰሶም ማዕበሉን ሁሉ ቆሞ አሳለፈ። የተበላሸው ነገር በሌላ በኩል መጣ፤ የመርከቧ የኋላ ክፍል ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ይወርድ ጀመር።

ምክንያቱ አንዲት ገመድ ናት። በጥንቱ የግብጽ ሥዕል ላይ የመርከቡ ጭራ እንደ ጊንጥ ጭራ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ተቆልምሟል፤ ከቁልምሙ ጫፍም አንዲት ገመድ ወርዳ ከወለሉ ጋር ታስራለች። ሠሪዎቹና ተጓዦቹ ገመዷን ቁልምሙን ለመያዝ ብቻ የተሠራች መሰለቻቸው። ደንገሉ ደርቆ ቁልምሙ ያለ ገመድ ጸንቶ ሲቆም ጊዜ ደግሞ ለመተላለፊያ የምታሰናክል ትርፍ ነገር ሆና ታየቻቸውና አስቀሯት። ውቅያኖሱ መካከል ሲደርሱ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ገመዷ የተሠራችው ጭራውን ወደ ታች ለመጎተት ሳይሆን፣ የተቆለመመው ጭራ እንደ ሽቦ ተጠማዞ የኋላውን ወለል ወደ ላይ እንዲይዝ ነው። ገመዷ በሌለችበት ጭራው ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ወለሉ ግን ሰመጠ፤ ማዕበሉም እንደ ልቡ እየወጣ ይወርድበት ጀመር። በኋላ ገመድ ለማሰር ቢሞክሩም ጊዜው አልፎ ነበር።

በአዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል እላለሁ። የድሮ ሰው የሠራውን ቤት የሚያድስ ወጣት አናጢ አንዲት አግዳሚ እንጨት ያያል፤ «ይህቺ ምን ትሠራለች?» ብሎ ይነቅላታል፤ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ይጎብጣል።

የጎኗ ማሰሪያዎች በየማዕበሉ እየተበጠሱ፣ ደንገሉም እሥር በእሥር እየተለየ በመሄዱ፣ ጉዞው ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀኖች ሲቀሩ፣ ሐምሌ 1961 ዓ.ም. ተጓዦቹ ባርቤዶስ ሳይደርሱ መርከቧን ጥለው ወደ ሌላ ጀልባ ተዛወሩ። የተጓዙት 5000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዓለም ሄየርዳል ተሸነፈ አለ። እርሱ ግን ሌላ ደንገል ከጣና አዘዘ።

ሁለተኛይቱን መርከብ የሠሯት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት የአይማራ ሰዎች ናቸው። አሠራራቸው ፍጹም ልዩ ነበር። የቻዶቹ ብዙ ትናንሽ እሥሮችን እየደራረቡ ሲያስሩ፣ የአይማራዎቹ ሁለት ወፋፍራም ጥቅሎች ሠርተው በመካከላቸው ቀጭን ጥቅል አኖሩ፤ ከዚያም በረዥም ገመድ እየጠመዘዙ እያንዳንዱን ወፍራም ጥቅል ከመካከለኛው ጋር አጣበቁት። ገመዱ በተወጠረ ጊዜ መካከለኛው ጥቅል እስከማይታይ ድረስ ተውጦ ሁለቱ አንድ አካል ሆኑ። ባለሁለት እግሩ ምሰሶም በሁለቱ ጥቅሎች ላይ አንድ አንድ እግሩን አቆመ። ለዚህ የተፈጠረ ይመስል ነበር።

«ራ ሁለት» ርዝመቷ 12 ሜትር ሲሆን፣ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከዚያው ከሳፊ ወጥታ ሐምሌ 5 ቀን፣ ማለት በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ዕለት፣ በባርቤዶስ ደሴት ከብሪጅታውን ወደብ ገባች። በ57 ቀን ከ6000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛለች። ሁለት ሳምንት አይቆይም የተባለው የጣና ደንገል ነው ይህን ያደረገው። መንገደኞቹ በየቀኑ በውኃው ላይ ያዩትን የድፍድፍ ነዳጅ እንክብል እየመዘገቡ ለተባበሩት መንግሥታት ማስታወቃቸውም ሊመሰገኑበት የሚገባ ሥራ ነው።

ይህች መርከብ ዛሬ በኦስሎ ከተማ በኮን ቲኪ ሙዚየም ቆማለች። ባሕር ዳር አካባቢ የታጨደ ደንገል ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በኖርዌይ ብርድ አገር በክብር ተቀምጧል ማለት ነው። በራሱ አገር ያለው ደንገል ግን እንዲህ አልተከበረም። የሐይቁ ዳርቻ እየታረሰ ሄዷል። የውኃውም ከፍታ ለኃይል ማመንጫ ሲባል ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በጨራጨራ ግድብ ቁጥጥር ሥር ሆኗል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ውኃውን አልብሶታል። ሐይቁና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ተብሎ መመዝገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ደንገል አያበቅልም። ደንገል ሲያልቅ የሚያልቀው ሣሩ ብቻ አይደለም። ሣሩን ለክቶ፣ አድርቆ፣ ጠፍሮ የሚያስረው እጅ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ በገርጂም አጣና ያስራል።

ያን እሑድ ለሰውዬው ይህን ሁሉ አጫወትሁት። ሞተር ጀልባ ከበዛ ወዲህ ታንኳ የሚያዝ ሰው እየቀነሰ መሄዱን፣ አባቱ ደንገል ያጭድበት የነበረው ዳርቻም አሁን ማሳ መሆኑን ነገረኝ። እርሱ ራሱ የመጨረሻዋን ታንኳ የሠራው ወደ አዲስ አበባ ሳይመጣ ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ቦሌ አካባቢ ሲደርስ ፎቆቹ ሁሉ በአጣና ታስረው ስላያቸው፣ «ሥራዬ ቀድሞኝ መጥቷል ብዬ ደስ አለኝ» አለ። አሁን ግን አጣናው በብረት እየተተካ ነው።

በዚያው ሐይቅ ዳር፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ወጣቶች ለውቅያኖስ መርከቦች በመሐንዲስነት እንደሚሠለጥኑ ስነግረው ያውቀው ኖሯል። «የሰፈሬ ልጅ አንዱ እዚያ ገብቷል» አለ። «ደብዳቤ አይጽፍም፤ በስልክ የመርከብ ሥዕል ይልካል። ብረት ነው ሁሉም። አንድም እሥር የለበትም።»

በስልኬ የ«ራ ሁለትን» ፎቶግራፍ አውጥቼ ሰጠሁት። እኔ የጠበቅሁት ሸራውንና በላዩ ያለውን ፀሐይ አይቶ እንዲደነቅ ነበር። እርሱ ግን ሸራውን አላየውም። በሁለት ጣቱ ሥዕሉን እያሰፋ ከምሰሶው እግር ጀምሮ ወደ ጎኗ፣ ከጎኗ ወደ ጭራዋ ወረደ፤ እንደ ሐኪም ተመለከታት። ገመዱ ጥቅሉን በየስንት ክንድ እንደ ዞረው የሚቆጥር ይመስል ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ስንት ቀን ቆየች አሉኝ?»

«ኀምሳ ሰባት።»

«ሳትሰጣ?»

«ሳትሰጣ፤ ከውኃ አንድም ቀን አልወጣችም።»

ዝም አለ። አንድ አውሮፕላን ከላይ አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ሁላችንም ጠበቅን።

«ደንገል ውኃ የሚጠጣው በተቆረጠበት በኩል ነው» አለ ቀጥሎ፤ «ጎኑን ቢነክሩት ግድ የለውም። ጫፉን በምን ዘጉት?»

ፎቶግራፉን መልሼ እየጠቆምሁ፣ ጥቅሎቹ ከፊትም ከኋላም እየቀጠኑ መሄዳቸውን፣ ሁለቱም ጫፎች ከውኃው በላይ ከፍ ብለው መቆማቸውን አሳየሁት። በደንብ ተመለከተውና ስልኩን መለሰልኝ።

«እንግዲያማ ሙያተኞች ናቸው» አለ። ከዚያም ተነሥቶ የሸራውን ሲባጎ አንድ ጊዜ ሞክሮ አጠበቀው፤ «እትዬ፣ ድንጋዮቹን ከእግሩ ሥር እንዳያነሡብኝ» ብሎ አስጠነቀቃትና ለሦስተኛው ስኒ ተቀመጠ።